ከ2 ወደ 4 አምፔር፦ የኢንዳክተር ኢነርጂ አሰላል

ጠረጴዛዬ ላይ፣ እስክሪብቶ በማስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ፣ አንዲት የተቃጠለች ዜነር ዳዮድ (ቮልቴጅ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ከረንት የምታሳልፍ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) አለች። ወገቧ ላይ ተሰንጥቃለች። አንዱ እግሯ በሙቀት ጠቁሯል። 2 ዋት የምትችል ነበረች። እኔ በሂሳቤ የሚደርስባት 1 ዋት ብቻ ነው ብዬ ነበር። እጥፍ መጠባበቂያ ሰጠኋት ብዬ፣ ኮራ ብዬ ማብሪያውን ተጫንኩና ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ። መልሶ የጠራኝ ሽታው ነው።

ሰርኪዩቱን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት። ብየዳው ደህና ነው። ዳዮዷም በትክክለኛው አቅጣጫ ነው የገባችው። ጥፋቱ ደብተሬ ላይ ነበር፤ ያውም አንዲት መስመር ላይ። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ስህተት ሌሎች ሰዎች ደብተር ላይም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ልንገራችሁ።

ዕቃው ብረት ጨብጦ የሚይዝ ኤሌክትሮማግኔት ነበር። ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ 4 አምፔር ያልፍበታል፤ ላላ ሲያደርግ 2 አምፔር። ጠበቅ፣ ላላ፣ ጠበቅ፣ ላላ፤ በሰከንድ 50 ጊዜ። የኮይሉ (የተጠቀለለው ሽቦ) ኢንዳክታንስ፣ ማለትም የከረንትን ለውጥ የመቃወም ባሕርዩ፣ 10 ሚሊ ሄንሪ ነው። ከረንቱ ከ4 ወደ 2 በወረደ ቁጥር ኮይሉ ይዞት የነበረውን ትርፍ ኢነርጂ አንድ ቦታ ማራገፍ አለበት። ማራገፊያው ዜነሯ ነበረች። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ከረንቱ በወረደ ቁጥር ስንት ጁል ይራገፋል?

መልሱን ከማየታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሞክሩት። የኔን ስህተት ከደገማችሁት ደስ ይለኛል፤ ብቻዬን አልሆንም።

ስለ ቃላቱ

እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ያምታታል። «ኃይል» ስንል አንዱ ፎርስ ይረዳል፣ ሌላው ፓወር፣ ሌላው ኢነርጂ። «ጉልበት»ም ከዚህ አይሻልም። ስለዚህ ኢነርጂ ስል በጁል የሚለካውን፣ ፓወር ስል በዋት የሚለካውን ማለቴ ነው። 1 ዋት ማለት በየሰከንዱ 1 ጁል ማለት ነው። ከረንት የምለው ሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን፣ በአምፔር የሚለካውን ነው። ኢንዳክተርና ኮይል የሚሉትን ቃላት ደግሞ፣ ሁለቱም የተጠቀለለ ሽቦ ስለሆኑ፣ እንደመጣልኝ እያቀያየርኩ እጠቀማለሁ።

ዋናው ቀመር

ኮይል ውስጥ ያለው ኢነርጂ የሚቀመጠው ከረንቱ በፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ነው። መጠኑም ይህ ነው፦

ኢነርጂ = ½ × ኢንዳክታንስ × ከረንት × ከረንት

ኢንዳክታንሱ በሄንሪ፣ ከረንቱ በአምፔር ከገባ፣ መልሱ በጁል ይወጣል። የኔን ኮይል እንሞክረው። 10 ሚሊ ሄንሪ ማለት 0.01 ሄንሪ ነው። 2 አምፔር ሲያልፍበት፦ ½ × 0.01 × 2 × 2 = 0.02 ጁል። ይህ 20 ሚሊ ጁል ነው። 4 አምፔር ሲያልፍበት፦ ½ × 0.01 × 4 × 4 = 0.08 ጁል፣ ማለትም 80 ሚሊ ጁል። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ኢነርጂው አራት እጥፍ ሆነ።

ካልኩሌተር ላይ ሰው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ በሚሊና በማይክሮ ነው። አንድ ዘዴ አለኝ። ኢንዳክታንሱን ወደ ሄንሪ አልቀይረውም። በሚሊ ሄንሪ ካስገባሁ መልሱ በሚሊ ጁል፣ በማይክሮ ሄንሪ ካስገባሁ መልሱ በማይክሮ ጁል ይወጣል። ከረንቱ ግን ምንጊዜም በአምፔር መሆን አለበት። እሱ በራሱ ስለሚባዛ፣ ሚሊ አምፔር አስገብታችሁ ከሆነ ስህተቱ በሺህ ሳይሆን በሚሊዮን ነው።

ሌላ ወጥመድ ደግሞ አለ። ትንንሽ ኢንዳክተሮች ላይ የምታዩት ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ኮድ ነው። 101 ማለት 100 ማይክሮ ሄንሪ ነው፤ 10 ተጽፎ አንድ ዜሮ ይጨመርበታል። 100 የሚል ካያችሁ ደግሞ 10 ማይክሮ ሄንሪ ነው፤ 10 ተጽፎ ምንም ዜሮ አይጨመርም። እኔ 100 የሚለውን አይቼ 100 ማይክሮ ሄንሪ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ለፍቻለሁ።

ግማሹ ከየት መጣ?

ይህን የተረዳ ሰው የቀረውን ሁሉ ራሱ ያወጣዋል። ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ኮይል ከረንቱ እንዲለወጥ አይፈልግም። ከረንቱን ለመጨመር ቮልቴጅ መግፋት አለበት። የቮልቴጁ መጠን ኢንዳክታንስ ሲባዛ ከረንቱ በሰከንድ በሚለወጥበት ፍጥነት ነው። ፓወር ደግሞ ቮልቴጅ ሲባዛ ከረንት ነው። ሁለቱን አገናኙና አንድ ነገር ይወጣል፦ ከረንቱን በትንሹ ከፍ ለማድረግ የሚከፈለው ኢነርጂ፣ በዚያች ቅጽበት እያለፈ ባለው ከረንት ልክ ነው። ማለትም እያንዳንዱ ተጨማሪ አምፔር ዋጋው እኩል አይደለም።

በኔ ኮይል እንየው። ከረንቱ ዜሮ አካባቢ ሳለ ጭማሪው በነፃ ነው ማለት ይቻላል። 1 አምፔር ላይ ስንደርስ ዋጋው ለአንድ አምፔር 10 ሚሊ ጁል ሆኗል። 2 አምፔር ላይ 20፣ 3 ላይ 30፣ 4 ላይ 40። ስለዚህ ከ0 ወደ 1 ለመውጣት አማካዩ ዋጋ 5 ነው፤ 5 ሚሊ ጁል እንከፍላለን። ከ1 ወደ 2 አማካዩ 15፤ 15 እንከፍላለን። ከ2 ወደ 3፣ 25። ከ3 ወደ 4፣ 35። ደምሩት፦ 5 ሲደመር 15 ሲደመር 25 ሲደመር 35፣ ይሆናል 80። ቀመሩ የሰጠን ያንኑ ነው።

ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው። ዋጋው ከዜሮ ተነስቶ ቀጥ ባለ መስመር ይወጣል፤ አማካዩ የመጨረሻው ዋጋ ግማሽ ነው። በግራፍ ብትስሉት ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ሦስት ማዕዘን ነው። የሦስት ማዕዘን ስፋት ደግሞ ግማሽ ሲባዛ መሠረት ሲባዛ ቁመት።

የኔ ስህተት

አሁን ወደ ዜነሯ እንመለስ። ከረንቱ በ2 አምፔር ነው የተለወጠው። እኔ ምን አደረግኩ? 4 ሲቀነስ 2፣ ይሆናል 2። እሱን ቀመሩ ውስጥ ከተትኩት። ½ × 10 × 2 × 2 = 20 ሚሊ ጁል። በሰከንድ 50 ጊዜ፣ 1000 ሚሊ ጁል በሰከንድ። 1 ዋት። አለቀ።

አላለቀም። እኔ ያሰላሁት ከ0 ወደ 2 የሚደረገውን ጉዞ ነው። ዕቃው ግን የሚጓዘው በ2 እና በ4 መካከል፣ አምፔር በሚወደድበት ሰፈር ነው። ትክክለኛው ስሌት መጀመሪያ እያንዳንዱን ኢነርጂ ለብቻው ማውጣት፣ ከዚያ መቀነስ ነው። 80 ሲቀነስ 20፣ 60 ሚሊ ጁል። በሰከንድ 50 ጊዜ፣ 3 ዋት። ዜነሯ ደግሞ የ2 ዋት ናት። ሦስት እጥፍ ነው የተሳሳትኩት።

ስለዚህ ደንቡ፦ መጀመሪያ በራሱ አባዛ፣ ከዚያ ቀንስ። ቀንሶ ማባዛት አይሆንም። በቀመር ሲጻፍ፦

የኢነርጂ ለውጥ = ½ × ኢንዳክታንስ × (የመጨረሻው ከረንት² − የመነሻው ከረንት²)

እኔ ግን ይህን አሁን ብዙም አልጠቀምበትም። በቃል ለማስላት የሚቀለኝ ሌላ አጻጻፍ አለ፦

የኢነርጂ ለውጥ = ኢንዳክታንስ × አማካይ ከረንት × የከረንት ለውጥ

አማካይ ከረንት ማለት የመነሻውና የመጨረሻው ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ ነው። በኔ ኮይል፦ 10 × 3 × 2 = 60። ካልኩሌተርም አያስፈልግም። ሁለቱ ቀመሮች በአልጀብራ አንድ ናቸው። ሁለተኛው ግን ሂሳቡን ብቻ ሳይሆን ነገሩንም ያሳያችኋል፦ ያው የ2 አምፔር ለውጥ ከ10 ወደ 12 ቢሆን ኖሮ 10 × 11 × 2 = 220 ሚሊ ጁል ይሆን ነበር።

ምልክቱንም ተመልከቱ። ከረንቱ ሲወርድ የከረንት ለውጡ አሉታዊ ነው፣ መልሱም −60 ይወጣል። ኮይሉ 60 ሚሊ ጁል ሰጠ ማለት ነው። ከረንቱ አቅጣጫ ቀይሮ ከ+2 ወደ −2 ቢሄድስ? አማካዩ ዜሮ ነው፣ ለውጡም ዜሮ። ይህ ማለት ግን በመካከል ምንም አልሆነም ማለት አይደለም። 20 ሚሊ ጁል ወጥቶ፣ ዜሮ ጋ ደርሶ፣ 20 ሚሊ ጁል ተመልሶ ገብቷል። ዳዮድ ስትመርጡ ይህ ልዩነት አለው። ከረንቱ ዜሮን የሚያቋርጥ ከሆነ ስሌቱን ዜሮ ላይ ለሁለት ክፈሉት።

ጊዜ የት ገባ?

እስካሁን ስለ ሰከንድ ምንም አላነሳሁም። ልብ ካላችሁ ቀመሩ ውስጥም የለም። ኮይሉ አሁን የያዘው ኢነርጂ በአሁኑ ከረንት ብቻ ይወሰናል። በሚሊ ሰከንድ ይድረስበት በደቂቃ፣ ለውጥ የለውም።

ጊዜ የሚወስነው ፓወሩንና ቮልቴጁን ነው። 12 ቮልት በኮይሉ ላይ ብንጥል፣ የሽቦውን ሬዚስታንስ (ከረንትን የመቋቋም ባሕርይ) ለጊዜው ረስተን፣ ከረንቱ በሰከንድ በ12 ሲካፈል 0.01፣ ማለትም በ1200 አምፔር ፍጥነት ይወጣል። ከ2 ወደ 4 ለመድረስ 1.67 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። እዚህ ላይ መልሳችንን በሌላ መንገድ መፈተሽ እንችላለን። አማካዩ ከረንት 3 አምፔር ነው፤ በ12 ቮልት ሲባዛ 36 ዋት። 36 ዋት ለ1.67 ሚሊ ሰከንድ፣ 60 ሚሊ ጁል። ይኸው ገጠመ። በሁለት መንገድ ሄጄ አንድ ቁጥር ላይ ካልደረስኩ፣ ማብሪያውን አልጫንም። ይህችን ልማድ ያወረሰችኝ ያቺው ዜነር ናት።

ሬዚስታንስ ሲኖር

እውነተኛ ኮይል ሬዚስታንስ አለው። ያን ጊዜ ከረንቱ በቀጥተኛ መስመር አይወጣም፤ መጀመሪያ ፈጠን ብሎ፣ እያደር ይዘገያል። የኔን ኮይል በ10 ቮልት ምንጭና በጠቅላላ 5 ኦም ሬዚስታንስ አስቡት። የመጨረሻው ከረንት 10 ሲካፈል 5፣ 2 አምፔር ነው። የመጨረሻው ኢነርጂ 20 ሚሊ ጁል። የጊዜው መለኪያ ደግሞ ኢንዳክታንስ ሲካፈል ለሬዚስታንስ ነው፦ 0.01 ሲካፈል 5፣ 2 ሚሊ ሰከንድ። ይህ ታይም ኮንስታንት ይባላል።

አንድ ታይም ኮንስታንት ሲሞላ ከረንቱ የመጨረሻው 63 በመቶ እንደሚደርስ ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ከዚያ ኢነርጂውም 63 በመቶ ይመስለዋል። አይደለም። 0.632 በራሱ ሲባዛ 0.40 ነው። በ2 ሚሊ ሰከንድ ከረንቱ 1.26 አምፔር ደርሷል፣ ኢነርጂው ግን ገና 8 ሚሊ ጁል ነው። በ4 ሚሊ ሰከንድ 1.73 አምፔርና 15 ሚሊ ጁል። በ6 ሚሊ ሰከንድ 1.90 አምፔርና 18 ሚሊ ጁል። በ10 ሚሊ ሰከንድ 19.7 ሚሊ ጁል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሞላ ብለን ብናልፈው ማንም አይወቅሰንም።

ኢነርጂው ሲወጣ ደግሞ በተቃራኒው ከከረንቱ ይቀድማል። ያንኑ ኮይል በ5 ኦም ላይ ብታራግፉት፣ ከ2 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ከረንቱ 37 በመቶ ይቀረዋል፣ ኢነርጂው ግን 13.5 በመቶ ብቻ ነው።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ኮይሉ ኢነርጂ የሚቀበልበት ፍጥነት ትልቁ መቼ ነው? መጀመሪያ ላይ ቮልቴጁ ሙሉ ነው፣ ከረንቱ ግን የለም። መጨረሻ ላይ ከረንቱ ሙሉ ነው፣ በኮይሉ ላይ ግን ቮልቴጅ አልቀረም፤ ሁሉን ሬዚስታንሱ ወስዶታል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ፓወሩ ዜሮ ነው። ትልቁ የሚሆነው ከረንቱ የመጨረሻው ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ እዚህ 1 አምፔር ላይ ነው። ሬዚስታንሱ 5 ቮልት ይወስዳል፣ ለኮይሉ 5 ቮልት ይቀራል፣ 5 ዋት።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ከረንቱ 2 አምፔር ላይ ሲረጋ ምንጩ 20 ዋት መስጠቱን ይቀጥላል። ያ ሁሉ ሙቀት ነው። ኮይሉ ውስጥ ያለው 20 ሚሊ ጁል ግን አይጨምርም አይቀንስም። «ለአንድ ሰዓት በርቶ ነበር፣ ብዙ ኢነርጂ አጠራቅሟል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ያጠራቀመው ሙቀት ነው።

ቀመሩ የሚዋሽበት ጊዜ

ይህ ሁሉ የሚሠራው ኢንዳክታንሱ ቋሚ ከሆነ ነው። ውስጡ አየር ብቻ ያለው ኮይል ላይ ቋሚ ነው። ፌራይት (መግነጢሳዊ ሴራሚክ) ወይም ብረት ኮር (እምብርት) ሲኖረው ግን ከረንቱ አንድ ደረጃ ሲያልፍ ኮሩ ይሞላል። ሳቹሬት አደረገ ይባላል። ከዚያ ኢንዳክታንሱ ይወድቃል። ፌራይት ሲሞላ ቁልቁል ነው የሚወርደው፤ የብረት ዱቄት ኮር ረጋ ብሎ ይወርዳል።

ያን ጊዜ ምን ይደረጋል? ከረንቱን መቆራረጥ። አማካይ ከረንት የገባበት ሁለተኛው ቀመር እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታየው። ለእያንዳንዷ ቁራጭ፣ በዚያች ቁራጭ ላይ ያለውን ኢንዳክታንስ እየተጠቀማችሁ አስሉና ደምሩ። ኢንዳክታንሱን የማገኘው በኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅና ከረንት ከጊዜ ጋር ሲለወጡ በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ) ነው። የታወቀ ቮልቴጅ ለአጭር ጊዜ እጥልበታለሁ፣ የከረንቱን መስመር አያለሁ። ቮልቴጁ ለመስመሩ የመውጫ ፍጥነት ሲካፈል፣ በዚያ ቦታ ላይ ያለው ኢንዳክታንስ ነው። መስመሩ ድንገት ወደ ላይ ከቀና ኮሩ መሙላት ጀምሯል።

ለምሳሌ 100 ማይክሮ ሄንሪ የተባለ ኢንዳክተር እንውሰድ። እስከ 3 አምፔር 100 ሆኖ ቆየ። ከ3 እስከ 4 ባለው 80 ሆነ። ከ4 እስከ 5 ባለው 40። የመጀመሪያው ቁራጭ፦ 100 × 1.5 × 3 = 450 ማይክሮ ጁል። ሁለተኛው፦ 80 × 3.5 × 1 = 280። ሦስተኛው፦ 40 × 4.5 × 1 = 180። ድምሩ 910 ማይክሮ ጁል። ላዩ ላይ የተጻፈውን 100 አምኜ ½ × 100 × 5 × 5 ብል ኖሮ 1250 አገኝ ነበር። 5 አምፔር ላይ የለካሁትን 40 ወስጄ ብሄድ ደግሞ 500። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ አንዱ በላይ፣ ሌላው በታች።

ኢንዳክታንሱ የሚለወጠው በሌላ ምክንያትም ከሆነ፣ ለምሳሌ ብረቱ ወደ ኮይሉ ገባ ወጣ የሚል ከሆነ፣ ከኢነርጂው ከፊሉ ብረቱን በማንቀሳቀስ ሥራ ላይ ይውላል። ያ ሌላ ስሌት ነው። እኔ ከዚያ የተረፍኩት የኔው ብረት ተጨብጦ ስለማይላቀቅ ነው። ኢንዳክታንሱንም የለካሁት ብረቱ እንደተያዘ ነበር።

ትንሽ ኢነርጂ፣ ትልቅ ብልጭታ

መለኪያው የተሰየመለት አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ፣ ረጅም ሽቦ ከባትሪ ሲላቀቅ ብልጭታ እንደሚሰጥ፣ ሽቦው ሲጠቀለል ደግሞ ብልጭታው እንደሚበረታ እ.ኤ.አ. በ1832 ጽፏል። ያንን ብልጭታ እኛ ዛሬ በሪሌ (በኮይል የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እና በትራንዚስተር (ከረንት የሚከፍትና የሚዘጋ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) ነው የምናውቀው።

አንዲት የ12 ቮልት ሪሌ አስቡ። የኮይሏ ሬዚስታንስ 400 ኦም፣ ከረንቷ 30 ሚሊ አምፔር፣ ኢንዳክታንሷ 0.5 ሄንሪ ይሁን። ኢነርጂዋ ½ × 0.5 × 0.03 × 0.03 = 0.000225 ጁል፣ 225 ማይክሮ ጁል ነው። አንድ ግራም ክብደት 2.3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ። ይቺ ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል።

ትራንዚስተሩ ድንገት ሲዘጋ ግን ከረንቱ መሄጃ ያጣል። በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ጥቃቅን ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ይሞላል። 100 ፒኮ ፋራድ ነው እንበል። ያ 225 ማይክሮ ጁል በሙሉ እዚያ ቢገባ ቮልቴጁ ከ2100 ቮልት ያልፋል። በተግባር እዚያ ከመድረሱ በፊት 45 ቮልት ብቻ የሚችል ትራንዚስተር ተሰብሮ ያልፋል። በሪሌው ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ዳዮድ የምናደርገው ለዚህ ነው። ኢነርጂው ያው ነው፤ መውጫ በር ነው የሰጠነው።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ያለው ግዙፉ የሃድሮን (የጥቃቅን ቅንጣቶች) አፋጣኝ አለ። 1232 መታጠፊያ ማግኔቶች አሉት። የአንዱ ኢንዳክታንስ ወደ 0.1 ሄንሪ ነው፤ ከሪሌያችን ያንሳል! ከረንቱ ግን ወደ 11850 አምፔር ተነድፏል። ቀመራችን ውስጥ ክተቱት፦ ወደ 7 ሚሊዮን ጁል። አንድ ቶን ዕቃ 700 ሜትር ሽቅብ እንደማንሳት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 2008 በማግኔቶቹ መካከል ያለ አንድ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ ተበላሽቶ የተቀመጠው ኢነርጂ መውጫ ባልሆነ ቦታ ሲወጣ፣ ማቀዝቀዣው ሂሊየም በኃይል አፈትልኮ ወጣ፣ ማግኔቶችም ተጎዱ። ጥገናው ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ።

ተለዋዋጭ ከረንት ላይ ነገሩ አጭር ነው። ከረንቱ በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ጫፍ ስለሚደርስ፣ በ50 ኸርዝ ኢነርጂው በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላል፣ ይራገፋል። መልቲሜትር 2 አምፔር ካሳያችሁ ጫፉ 2.83 ነው። ስለዚህ በኔ ኮይል ትልቁ ኢነርጂ 40፣ አማካዩ 20 ሚሊ ጁል ይሆናል። ኮሩ እንዳይሞላ የምታስቡ ከሆነ ጫፉን ተጠቀሙ።

ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ (ከረንቱን በፍጥነት እየቆራረጠ ቮልቴጅ የሚቀይር ዕቃ) የምትሠሩም ይህንኑ ስሌት በየቀኑ ነው የምታገኙት። ፍላይባክ በሚባለው ዓይነት፣ 10 ማይክሮ ሄንሪ ያለው ኮይል በእያንዳንዱ ዑደት ከ0 ወደ 3 አምፔር ከወጣ 45 ማይክሮ ጁል ይይዛል። በ100 ኪሎ ኸርዝ 4.5 ዋት ያስተላልፋል። ከረንቱ ወደ ዜሮ ሳይወርድ በ2 እና በ4 መካከል ብቻ ከዋለለ 10 × 3 × 2፣ 60 ማይክሮ ጁል ነው፤ 6 ዋት። ለውጡ ከ3 አምፔር ወደ 2 ቢቀንስም የሚያስተላልፈው ግን ጨመረ። እዚያ ላይ እንደኔ 2 ብቻ ስኩዌር የሚያደርግ ሰው 2 ዋት አግኝቶ ሳያስፈልግ ትልቅ ኮይል ያዛል።

የዜነሯ ነገር እንዴት አለቀ? ስሌቱን እንደገና ሠራሁት፤ አሁን በጥንቃቄ። የኮይሉ ሬዚስታንስ 1 ኦም ነው። ዜነሯ 36 ቮልት ላይ ስትይዝ፣ በዚያ ላይ የኮይሉ የራሱ አማካይ 3 ቮልት ሲጨመር፣ ከረንቱ ከ4 ወደ 2 ለመውረድ 0.51 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በዚያች ጊዜ ሽቦው ራሱ ወደ 5 ሚሊ ጁል ያሞቃል። ለዜነሯ 55 ይቀራል። በ50 ሲባዛ 2.75 ዋት። የ5 ዋት ዜነር በየድኩና እግሮቿን ሰፋ ካለ መዳብ ጋር አገናኘሁላት። ማታ ላይ በጣቴ ጀርባ ቀረብ ብዬ ፈተሽኳት። ትሞቃለች፣ ግን አትሸትም።